በቆላ ሙቀት ጉልበት ስለሚያጡ የጭነት መኪኖች ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣
ጎንደር

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ከመተማ መስመር የሚመለሱ አሽከርካሪዎች በብዛት የሚያቀርቡልን አቤቱታ፣ መኪናው ቆላ ላይ ጉልበት አጥቶ ጎንደር ሲገባ ግን ምንም እንዳልነበረበት ይሆናል የሚል ነው። ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተርና በባዶ ጭነት ስንመረምረው ችግሩ ስለማይታይ፣ አንዳንድ ባለንብረቶች የናፍጣ ፓምፓው ወይም ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኖዝል በቀጥታ እንዲቀየር ይጠይቁናል። ይህን ለማድረግ የማንቸኩልበትን ምክንያት በዚህ ደብዳቤ እናስረዳለን።

በመጀመሪያ፣ የተወሰነ መዳከም ብልሽት አይደለም። 40 ዲግሪ የደረሰ አየር 15 ዲግሪ ካለው አየር በ8 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ወደ ጎንደር ሲወጣ ሙቀቱ ቢቀንስም፣ ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ እንደገና በከፍታው ይሳሳል። አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ ይህን ጉድለት የሚሸፍነው በከፊል ነው። መኪናው ከወትሮው ሁለት ማርሽ ዝቅ ካላለ በስተቀር ያንኑ ዳገት አልወጣ ካለ ግን ምክንያቱ አየሩ ብቻ ሊሆን አይችልም።

እኛ የምንጀምረው ከማቀዝቀዣው ነው። በኮምፒውተር የሚሠሩ ሞተሮች ውሃው ወይም የሚገባው አየር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሳቸውን ለመጠበቅ ናፍጣ ይቀንሳሉ፤ አሽከርካሪው ፓምፓው የደከመ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከቱርቦ የሚወጣውን አየር በሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርና የሞተሩን ውሃ በሚያቀዘቅዘው ራዲያተር መካከል የተጠቀጠቀው አቧራና ገለባ ነው፤ ከፊት ሲታይ ንጹሕ ስለሚመስል ሁለቱን ሳይለያዩ ማጠብ እምብዛም አይጠቅምም። በኃይለኛ ግፊት ማጠብም ስስ ክንፎቹን ያጣምማል። ሞተሩ ሲሞቅ ቬንትሌተሩ (የማቀዝቀዣው ማራገቢያ) በሙሉ ፍጥነት መዞሩንም አብረን እናያለን።

ሙቀቱ ደኅና ሆኖ መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ የፉጨት ድምፅ ካሰማ፣ ከቱርቦ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ መተንፈሱን እንጠረጥራለን። ጭስ ሳይኖር ጉልበቱ ቀስ በቀስ የሚከዳ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ ናፍጣው ያመዝናል። የጋለ ናፍጣ ስለሚቀጥን ያረጀ ፓምፓ ውስጥ ለውስጥ ያሾልከዋል፤ ታንከሩ ሲጎድል ከሞተሩ የሚመለሰው ትኩስ ናፍጣ የቀረውን ቶሎ ያግለዋል። ፓምፓ ከመፈታቱ በፊት ግን ማጣሪያው ይታይ፤ የታንከሩ ክዳን ሲከፈት አየር ስቦ ጉልበቱ ከተመለሰም የተደፈነው የክዳኑ መተንፈሻ ነው፤ ይህ ምርመራ ምንም ወጪ የለውም።

ስለዚህ ጉልበቱ ሲጠፋ የሙቀት መለኪያው የት እንደነበር፣ የጭሱ ቀለም፣ የነበረው ማርሽና የናፍጣው መጠን ተመዝግቦ እንዲመጣልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የራዲያተር ክዳን በጋለ ሞተር ላይ ፈጽሞ አይከፈት። ከተቻለ መኪናውን በዚያ መንገድ የነዳው አሽከርካሪ ራሱ ይምጣ፤ ጭነቱ ሳይራገፍ ቢደርሰን ደግሞ አብረነው ዳገት ወጥተን እንመረምራለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋራዡ ባለሙያዎች