ለእናቴ ስለሸጣችሁልኝ ዘይትና ይደወልልዎታል ተብዬ ስላልተደወለልኝ ስልክ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የብልቃጡ ይዘት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝና ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

የግዥዬ ዝርዝር፣ በባንክ የከፈልኩበት ማረጋገጫና በቴሌግራም የላክሁላችሁ መልእክቶች ሁሉ በእጃችሁ ስለሚገኙ እነርሱን እዚህ አልደግምም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው፤ በእርግጠኝነት ይደወልልዎታል ተብሎ ሳይደወል የቀረ ጥሪ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከፍራንኮ ሰፈር በባጃጅ ወደ አዳማ መሸጫችሁ የመጣሁት ለጠብ አልነበረም። ገንዘብ ለማስመለስም አልነበረም። አንድ ወረቀት ብቻ ፈልጌ ነበር። የእናቴ ሐኪም ለጉልበቷ ሕመም «የሲቢዲ ዘይት» ብላችሁ የሸጣችሁልኝን ብልቃጥ አገላብጠው ካዩት በኋላ «ውስጡ ምን ምን እንዳለ የሚገልጽ ወረቀት አምጪልኝ፤ እስከዚያ ድረስ አንዲት ጠብታ እንዳይወስዱ» አሉኝ። እናቴ ለልቧ ቫልቭ ሕመም ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ዘወትር ትወስዳለች። ይህንን ዘይቱን በገዛሁበት ዕለት ሳልጠየቅ ነግሬያችኋለሁ፤ «የተፈጥሮ ነገር ከመድኃኒት ጋር አይጋጭም» የሚል መልስም አግኝቻለሁ። ሐኪሙ ግን ሲቢዲ፣ ማለትም ከካናቢስ ተክል የሚወጣው ንጥረ ነገር፣ ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበትን መንገድ እንደሚያጓትት፣ በዚህም የተነሳ ደም ከሚገባው በላይ ሊቀጥንና መድማት ሊያስከትል እንደሚችል አስረዱኝ። እንግዲህ የወረቀቱ ነገር የእናቴ የደም ጉዳይ ነው።

ባንኮኒው ላይ የነበረችው ልጅ ጉዳዩን በትዕግሥት አዳመጠችኝ። «ዛሬ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ባለሙያችን ራሱ ይደውልልዎታል፤ የላቦራቶሪ ውጤቱንም በቴሌግራም ይልክልዎታል» ብላ ስልክ ቁጥሬን በሰማያዊ ሽፋን መዝገቧ ላይ ጻፈች። አሃዞቹን አንድ በአንድ መልሳ አነበበችልኝ፤ ትክክል መሆናቸውን አረጋገጥኩላት። ከቁጥሩ ጎን «አስቸኳይ» ብላ ስትጽፍም በዓይኔ አይቻለሁ። አመስግኛት ወጣሁ። 12 ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። ወጥ እየሠራሁ ስልኬን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጬ ነበር፤ የደወለ የለም። በማግስቱም አልተደወለም። የተላከ ወረቀት የለም፤ «ዘግይተናል፣ ይቅርታ» የሚል አንድ መስመር እንኳ አልደረሰኝም።

ሐሙስ ዕለት ራሴ ወደ ዋናው ቁጥራችሁ ደወልኩ። ያነሳው ወጣት ነበር። የተባለውን እንዲህ በዝርዝር የምጽፈው ክፍሉን የምትመሩት ሰው በስማችሁ ምን እንደሚነገር ማወቅ ስላለባችሁ ነው።

«ምን ነበር ጉዳይዎ?» አለኝ። የእናቴን ሕመም፣ የምትወስደውን መድኃኒትና የሐኪሙን ጥያቄ ነገርኩት።

«የተፈጥሮ ዘይት ነው» አለ።

ምን ያህል ሲቢዲ እንዳለበት ጠየቅሁት።

«ላዩ ላይ ተጽፏል፤ አላነበብሽውም?»

እስከዚያች ቅጽበት ድረስ እርስዎ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ አንቺ ሆንኩ። ብልቃጡ በእጄ ስለነበር አነበብኩለት፤ «ሄምፕ ኦይል፣ 1000 ሚሊ ግራም» ይላል። ሲቢዲ የሚል ቃል በአንዱም ጎኑ የለም። ዘይቱ ከዘሩ የተጨመቀ ነው ወይስ ከአበባውና ከቅጠሉ የወጣ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ከዚያ የመለሰልኝ ይህንን ነው፦ «ስሚ እህቴ፣ እናትሽ አርጅተዋል። እርጅናን እኛ አናክምም። ትንሽ ይታገሡ በያቸው።» ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እርሷም እንድትሰማ ብዬ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌው ስለነበር ሁሉንም ሰምታለች። «ተይው ልጄ» አለችኝ። እኔ ግን አልተወውም።

የጠየቅሁት ጥያቄ ነገር ለመፈለግ የቀረበ አይደለም። ሄምፕ የካናቢስ ተክል ዓይነት ነው፤ የሄምፕ ዘር ዘይትና የሲቢዲ ዘይት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዘሩ የሚጨመቀው ለምግብነት የሚውል ዘይት ሲሆን ሲቢዲ የለውም ማለት ይቻላል። ሲቢዲ የሚገኘው በአበባውና በቅጠሉ ነው። እናንተ በቴሌግራም ገጻችሁ «የሲቢዲ ዘይት» ብላችሁ አስተዋውቃችሁ ብልቃጡ ላይ «ሄምፕ ኦይል» ብቻ የሚል ከለጠፋችሁ፣ እናቴ የወሰደችው ምንድን ነው? የዘር ዘይት ከሆነ ባልተሸጠልኝ ነገር ገንዘቤን ወስዳችኋል። በእውነት ሲቢዲ ከሆነ ደግሞ ዋርፋሪን ለምትወስድ ሴት ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሰጥታችኋል። ካናቢስ በአገራችን ሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ ማንኛውም መድኃኒትም ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። በየትኛውም መንገድ ቢታይ ልትመልሱት የሚገባ ነገር አለ።

ስለ ተስፋው ደግሞ ልናገር። በገዛሁበት ዕለት የተነገረኝ «ሦስት ጠብታ ከምላስ ሥር፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ጉልበታቸው ይፈታል» የሚል ነበር። እናቴ ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት ሳትነቅል ጉልበቷን እያሸች ጠበቀች። ምንም አልተለወጠም። በማግስቱም እንዲሁ። ስነግራችሁ መጀመሪያ «ከምላሳቸው ሥር በቂ ጊዜ አላቆዩትም» አላችሁ፤ ቀጥሎ «ሳምንት ይጠብቁ»፤ ከዚያም «ቢያንስ ወር ይፈልጋል» ሆነ። አሥራ አምስት ደቂቃ ወር ሲሆን ሳይለወጥ የቀረው ዋጋው ብቻ ነው።

ከሐኪሙ ጠይቄ፣ አንብቤም የተረዳሁት ግን ይህ ነው። ከምላስ ሥር የሚቀመጥ የሲቢዲ ዘይት ከ15 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሊሰማ ይችላል ይባላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ከምራቅ ጋር ይዋጣል። የተዋጠው በሆድና በጉበት ማለፍ ስላለበት አንድ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ወደ ደም የሚደርሰውም ከተወሰደው ጥቂቱ ነው። ኤፒዲዮሌክስ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ለከባድ የልጅነት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች የተፈቀደው የሲቢዲ መድኃኒት፣ በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠን ላይ የሚደርሰው ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ውጤቱ በዋና ዋና ጥናቶቹ የተመዘነውም በ14 ሳምንት ውስጥ ነበር። ለጉልበት ሕመም ደግሞ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው አንድም የሲቢዲ ምርት የለም። ይህን ብትነግሩኝ ኖሮ እናቴ ሰዓት እያየች ባልተቀመጠች ነበር።

መጠኑንም አሰላሁት። 1000 ሚሊ ግራሙ በሙሉ ሲቢዲ ነው ብለን እንኳ ብንቀበል፣ ብልቃጡ 30 ሚሊ ሊትር ነውና በአንድ ሚሊ ሊትር 33 ሚሊ ግራም ገደማ ይደርሳል። አንድ ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጠብታ ቢሆን፣ ሦስት ጠብታ ማለት 5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የሚጥል በሽታው መድኃኒት 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ሲጀመር በቀን 300 ሚሊ ግራም ነው። ሕመሞቹ የተለያዩ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ እናቴም ያንን ያህል ትውሰድ አላልኩም፤ በዋርፋሪን ላይ እንዲያ ያለ መጠን ያስፈራኛል። ነገር ግን «ሦስት ጠብታ» የሚለውን ልክ ከየት አመጣችሁት? ማን ሰፈረው?

«በባዶ ሆድ ይውሰዱት፣ ቶሎ ይሠራል» የሚለው ምክራችሁም እንዲሁ ነው። ሲቢዲ ስብ ካለበት ምግብ ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ከባዶ ሆድ ጋር ሲነጻጸር በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር በዚያው መድኃኒት ላይ ተረጋግጧል። እናቴ ጾመኛ ናት። ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጾማ፣ ምክራችሁን አክብራ ከምግብ በፊት ጠብታውን ወስዳ፣ እንጀራው ቀርቦላት እያለ ትጠብቅ ነበር።

ሌላም አለ። ዘይቱን መውሰድ ከጀመረች በኋላ ሆዷ ተበላሸ። ይህንንም ነግሬያችሁ «ሰውነታቸው መርዙን እያስወጣ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው» አላችሁኝ። ተቅማጥ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ የታወቁ የሲቢዲ የጎንዮሽ ጉዳቶች ናቸው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ተቅማጥ ሲይዘውና ምግብ ሲቀንስ ደሙ ይበልጥ ሊቀጥን እንደሚችል ሐኪሙ ሲነግሩኝ እግሬ ከዳኝ። ያንን «ጥሩ ምልክት» ማለት ትልቅ ድፍረት ነው።

እስካሁን በትዕግሥት ያለፍኳቸውም ነበሩ። በቴሌግራም 3,800 ብር የተባለው መሸጫው ላይ 4,200 ብር ሆኖ ጠበቀኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ተባልኩ። የብልቃጡ ክዳን ማሸጊያ ቀለበቱ አስቀድሞ የተላቀቀ ነበር። የአገልግሎት ማብቂያው ቀን ላይ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ በጥፍሬ ልልጠው ስሞክር ከሥሩ የነበረው ቀለም አብሮ ተነሳ፤ የቀረው አንድ «2» ብቻ ነው። ለሌሎች ደንበኞች ይጠቅማል ብዬ በገጻችሁ ላይ የጻፍኩትን ጨዋ አስተያየትም አጠፋችሁት። እነዚህን ሁሉ ትቼ ነበር። «እርጅናን አናክምም» የሚለው ቃል ግን እናቴ ጆሮ ገብቷል፤ ስለዚህ አሁን ሁሉንም አነሳዋለሁ።

ማክሰኞ የጠየቅሁት አንድ ወረቀት ነበር፤ ዛሬ ግን ወረቀቱ ብቻውን አይበቃኝም። በመጀመሪያ፣ የዚህ ብልቃጥ የምርት መለያ ቁጥር ያለበት፣ የሲቢዲውንና የሚያሰክረውን የቲ ኤች ሲ መጠን ለይቶ የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት በታተመ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከተገዙ 84 የሲቢዲ ምርቶች ውስጥ ይዘታቸው ከተለጠፈባቸው ጽሑፍ ጋር የተስማማው 26ቱ ብቻ ነበሩ፤ በ18ቱም ቲ ኤች ሲ ተገኝቷል። ስለዚህ «ላዩ ላይ ተጽፏል» የሚል መልስ ዳግመኛ አልቀበልም። ምርቱ በባለሥልጣኑ የተመዘገበ ከሆነም ማስረጃውን አያይዙልኝ፤ ካልሆነ ይህንኑ በጽሑፍ ግለጹልኝ። የከፈልኩት 4,200 ብር ሳይሸራረፍ በከፈልኩበት የባንክ ሒሳብ ይመለስልኝ። ብልቃጡን ግን አልመልስም፤ ሐኪሙ ወይም የሚመለከተው አካል ሊያስመረምረው ስለሚችል ከነቀሪው ዘይቱ አስቀምጬዋለሁ።

ሐሙስ ያነጋገረኝ ሠራተኛም ይደውል። የሚደውለው ለእኔ ሳይሆን ለእናቴ ነው፤ እርስዎ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃት።

ይህንን ዘይት ከእናንተ የገዙ ሌሎች ሰዎችም አሉ። ስልክ ቁጥራቸው በዚያው ሰማያዊ መዝገብ ላይ ተመዝግቧል። ዋርፋሪን ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱትንና የጉበት ሕመም ያለባቸውን ለይታችሁ ደውላችሁ ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ ንገሯቸው። «በአሥራ አምስት ደቂቃ» የሚለውን ማስታወቂያም ከገጻችሁና ከመሸጫችሁ አንሱ። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛና በቂ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተደንግጓል። ልመና አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ።

እናቴ በመጪው ረቡዕ ጠዋት የደሟን ቅጥነት ትለካለች። የላቦራቶሪ ውጤቱ እስከ ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት በእጄ ካልገባ ይህ ደብዳቤ ከብልቃጡ ፎቶግራፍና ከቴሌግራም ምልልሳችን ጋር ከታች ለተጠቀሱት አካላት ረቡዕ ማለዳ ይላካል። ስልክ ቁጥሬ አልተለወጠም።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ
አዳማ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለአዳማ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት
ለእናቴ ሐኪም