«እለፉ» የሚለው እጅ ይታየን፦ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ለከተማው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትና ለትራፊክ ፖሊስ
ጉዳዩ፦ በመኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ጥቁር ላስቲክና ቅጣቱን ይመለከታል

ክቡር ከንቲባ፣

በዚህ ከተማ መኪና መንዳት ሳስተምር አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። አዲስ ተማሪ መጥቶ መሪውን ሲይዝ መጀመሪያ የምነግረው ስለ ፍሪሲዮን ወይም ስለ ማርሽ አይደለም። «እግረኛውን ዓይኑን እየው፤ እሱም ያንተን ዓይን እስኪያይ ጠብቅ» ነው የምለው። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርሁትም። የጎንደር መንገድ ነው ያስተማረኝ።

መንገዶቻችንን እርስዎም ያውቋቸዋል። ከተማችን በአንገረብና በቃሃ ወንዞች መካከል ባለ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከፒያሳ ተነሥተው ወደ የትም ቢሄዱ ወይ ቁልቁለት ወይ ዳገት ያገኝዎታል። የፒያሳ ጎዳናዎች በጣሊያን ዘመን የተቀየሱ ናቸው፤ ስፋታቸውም የዚያ ዘመን ስፋት ነው። ዛሬ በእነዚያው ጎዳናዎች ባጃጅና ሚኒባስ፣ የጭነት መኪናና አህያ፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ልጅና ከቅዳሴ የወጣ ምእመን እየተጋፉ ያልፋሉ። ይህን ሁሉ የሚያስማማው መብራት ወይም ምልክት አይደለም፤ ዓይንና እጅ ነው። ሾፌሩ አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ «እለፉ» ይላል። ነጠላዋን ያጣፋች እናት አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ትነሣለች፤ ታልፋለች። በቀን ስንት ሺህ ጊዜ እንዲህ እንደሚደረግ ማንም ቆጥሮት አያውቅም፤ ከተማዋ ግን በዚህ ነው የምትንቀሳቀሰው።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ከእናቴ ጋር ከአራዳ ገበያ እየተመለስን ነበር። ዕድሜዋ ከሰባ አልፏል። የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ስንደርስ አንድ መኪና ቆመ። የፊቱም የጎኑም መስታወት ጥቁር ላስቲክ ተለጥፎበታል። እናቴ እንደ ልማዷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣች፤ እጅ የነሣችው ግን በመስታወቱ ላይ ለሚታየው ለራሷ መልክ ነበር። ሦስት እርምጃ እንደ ሄደች መኪናው ተነሣ። በነጠላዋ ጎትቼ አወጣኋት፤ ጉልበቷን መሬት መታት፤ የገዛነው በርበሬ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። መኪናው አልቆመም። የማንን መኪና እንደ ነበር አልጠይቅም፤ ሰሌዳውንም እዚህ አልጽፍም። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነገር ነው፤ ያ ሾፌር ውስጥ ሆኖ «ቁሙ፣ ልለፍ» እያለን ነበር ይሆናል። እጁን አንሥቶ ይሆናል። እኛ አላየነውም።

አባቶቻችን የተበደሉ እንደ ሆነ «በሕግ አምላክ!» ይሉ ነበር። ቃሉን የሰማ ሰው ባለበት ይቆማል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ያን ቀን ይኸው ቃል አፌ ላይ መጣ። ነገር ግን ነጠላ ለነጠላ ለመቋጠር በመጀመሪያ ሰው መታየት አለበት።

ክቡር ከንቲባ፣ «የጥቁር ላስቲክ ቅጣት ይጠንክር» የሚለው ድምፅ አሁን በየመናኸሪያው፣ በየጋራዡና በየቡና ቤቱ ይሰማል። እኔም ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነኝ። ሆኖም ቅጣቱን ከፍ ማድረግ ብቻውን እናቴን መንገድ ያሻግራታል ብዬ አላምንም። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ላስቲክ የሚለጥፉትን ሰዎች እንስማቸው። ብዙዎቹ ወንጀለኞች አይደሉም። አንድ ነጋዴ ተማሪ ነበረኝ፤ መኪና በገዛ በሳምንቱ አራቱንም መስታወት አጥቁሮ መጣ። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ስጠይቀው «ልጆቼን ይዤ መሄዴን ማንም እንዳያውቅ ነው» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። እገታ በዚህች ከተማ ላይ ያደረሰውን ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። በ2016 ዓ.ም. መገባደጃ አንዲት ሕፃን ታግታ ስትገደል ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ማልቀሱን የረሳ ጎንደሬ የለም። ከዚያ በኋላ አባት ልጁን ከሰው ዓይን ቢሸሽግ ማን ይፈርድበታል?

ግን ነገሩን ባሰላሰልሁት ቁጥር ወደ ሌላ ሐሳብ ይወስደኛል። ያው ላስቲክ የነጋዴውን ልጆች ከአጋች ዓይን ይሸሽጋል፤ የታገተውንም ሰው ከእኛ ዓይን ይሸሽጋል። መስታወት ሳይሰበር፣ ጩኸት ሳይሰማ፣ አንድ ሰው በፒያሳ መካከል ተይዞ ቢያልፍ ከመንገደኛው ማን ያየዋል? ጎረቤት የሚጠብቀን በማየት ነው። መኪናው ሁሉ ሲጠቁር የነጋዴው ልጆች መሸሸጊያ ያገኛሉ፤ ጠባቂ ግን ያጣሉ። ሁለቱም ፍርሃት እውነት ነው። አንዱን ብቻ መምረጥ ካለብኝ የምመርጠው ሰው ሰውን የሚያይበትን መንገድ ነው። ለነጋዴው የሚገባው መልስ ግን ቅጣት ብቻ አይደለም። ጥበቃ ነው፤ እሱም የእርስዎ መሥሪያ ቤት ዕዳ ነው። ቅጣቱን አጥብቃችሁ ጥበቃውን ካላጠበቃችሁ ያ አባት የሚሰማው ልጆቹን የሸፈነበት ጨርቅ እንደ ተገፈፈበት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ብዙ ሰው «ላስቲኩ ቀጭን ነው፤ ከውስጥ በደንብ ያሳየኛል» ይላል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። ምንም ያልተለጠፈበት የመኪና የጎን መስታወት ራሱ ብርሃኑን ሁሉ አያሳልፍም፤ ከመቶ 75 ያህሉን ነው የሚያሳልፈው። በላዩ ላይ ከመቶ 35 የሚያሳልፍ ላስቲክ ቢለጠፍ፣ ሁለቱ ተባዝተው ወደ ውስጥ የሚገባው ከመቶ 26 ብቻ ይሆናል። ላስቲኩ ከመቶ 20 የሚያሳልፍ ከሆነ የሚቀረው 15 ነው። ከመቶ 5 የሚያሳልፈው ጥቁሩ ላስቲክ ሲለጠፍ ደግሞ ወደ ሾፌሩ ዓይን የሚደርሰው ብርሃን ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። በቀትር ይህ ላይታወቅ ይችላል። እኛ አገር ግን ፀሐይ ከገባች በኋላ ጨለማው ለመውረድ አይዘገይም። መብራት በጠፋ ምሽት፣ ጥቁር ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ከጎን ሲመጣ፣ ሾፌሩ የሚያየው ምንም ነገር የለም። ተማሪዎቼን በስፖኪዮ አስተውሉ እላቸዋለሁ፤ የጎኑ መስታወት ከጠቆረ ግን ስፖኪዮው ውጪ ቀርቷል፤ የሚታየው በጨለማ ውስጥ አልፎ ነው።

ስለ ሙቀት የሚነሣውንም ክርክር እሰማለሁ። ከመተማ ቆላ በአዘዞ በኩል የሚገቡ ሾፌሮች ይህን ቢሉኝ እረዳቸዋለሁ፤ እዚያ ያለው ፀሐይ ሌላ ፀሐይ ነው። የጎንደር ከተማ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ወይና ደጋ ናት። እዚህ ስለ ሙቀት ብሎ የፊት መስታወት የሚያጠቁር ሰው ምክንያት ፈልጎ ነው። ከኋላ ያለው መስታወት ሌላ ጉዳይ ነው። ከውጭ አገር ከሚገቡት መኪኖች ብዙዎቹ የኋላ መስታወታቸው ከፋብሪካው ጠቁሮ ነው የሚመጣው። ባለቤቱ ምንም አልለጠፈም፤ ቢቀጣ ግፍ ነው። ስለዚህ መለየት ያለበት ይህ ነው፤ የፊት መስታወቱና የሾፌሩ ግራና ቀኝ ጥርት ብሎ ይታይ፤ ከኋላ ያለው ይቅር። ሕፃናቱም፣ የታመመውም፣ ሙሽራዋም ከኋላ ይሸፈኑ። እኔን የሚያሳስበኝ መሪውን የያዘው ሰው ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚህ መንገድ ሄደዋል። ፈረንሳይ ከጥር ወር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፊት መስታወትና የሾፌሩ የጎን መስታወቶች ከመቶ ቢያንስ 70 ብርሃን እንዲያሳልፉ አስገድዳለች፤ ጥሶ የተገኘ 135 ዩሮ ይከፍላል፤ ከመንጃ ፈቃዱም 3 ነጥብ ይቀነስበታል። የኋላውን ግን ለቅቃዋለች፤ ፀሐይ ለሚጎዳቸው ሕመምተኞችም በሐኪም ማስረጃ ትፈቅዳለች። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. ከዚህ ጠንከር ብሎ በመስታወት ላይ የሚለጠፈውን ላስቲክ በሙሉ ከለከለ። ናይጄሪያ ደግሞ በ1991 እ.ኤ.አ. ክልከላውን በሕግ ደነገገች፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ፖሊስ በየዓመቱ የሚታደስና ገንዘብ የሚከፈልበት የፈቃድ ሥርዓት ሲያመጣ ግን የሕግ ባለሙያዎች ማኅበሩ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። የናይጄሪያውን እባክዎ ልብ ይበሉልኝ። ጥቁር መስታወት አደጋ ከሆነ ገንዘብ የከፈለ ሰው አደጋ መሆኑ አይቀርለትም። ፈቃድ በገንዘብ ከተሸጠ ድሃው መስታወቱን ይገፍፋል፤ ባለ ገንዘቡ እንደ ጠቆረ ይቀራል።

ስለ ቅጣቱ መጠን የምሰጋውን በግልጽ ልናገር። ዛሬ አንድ የትራፊክ ፖሊስ መስታወት ጠቁሯል አልጠቆረም የሚለው በዓይኑ አይቶ ነው። ደመና ባለበት ቀን አንድ ዓይነት ይታያል፤ ፀሐይ ባለበት ሌላ። ሾፌሩ «አልጠቆረም» ይላል፤ ፖሊሱ «ጠቁሯል» ይላል፤ የሚዳኛቸው መለኪያ የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ቅጣቱን በእጥፍ ብታሳድጉት መንገድ ዳር የሚደረገው ድርድርም በእጥፍ ያድጋል። ሐቀኛውን ፖሊስም አስቸጋሪ ቦታ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። መስታወቱን ከሁለት ጎን ይዞ የሚያልፈውን ብርሃን በቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው። በመጀመሪያ እሱ ይምጣ። መኪናው ለቦሎ በየዓመቱ ሲመረመር ከፍሬኑና ከመብራቱ ጋር መስታወቱም ይለካ፤ ያላለፈ ቦሎ አይለጠፍለት። መንገድ ላይ የሚጻፈው የቅጣት ወረቀትም የተለካውን ቁጥር ይያዝ፤ ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ብቻ ይሁን። ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ቅጣቱን አጠንክሩት፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ በተያዘው ላይ ደግሞ ይበልጥ አጠንክሩት። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ለተማሪዎቼ ትክክል ነው ብዬ አስረዳለሁ።

በየማስዋቢያ ቤቱ ላስቲክ የሚለጥፉ ወጣቶች አሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የእኔ ተማሪዎች ነበሩ። እንጀራቸው ነው። ሕጉ በድንገት ከመጣ በአንድ ቀን ጥፋተኛ ይሆናሉ። ሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸው። የለጠፉትን የሚገፍፉትም እነሱ ናቸው፤ ከኋላ የተፈቀደውንም መለጠፋቸውን ይቀጥላሉ። ቆዳቸውና ዓይናቸው ፀሐይ የማይችል ሰዎችም፣ ለምሳሌ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን፣ የሐኪም ወረቀት አምጥተው ያለ ክፍያ ይፈቀድላቸው። ባጃጆችም አይረሱ፤ በፊት መስታወታቸው ላይ በሚለጥፉት ጽሑፍና ሥዕል ብዛት ሾፌሩ በመዳፍ በምታህል ቀዳዳ የሚያይባቸው ብዙ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የምለምነው ግን የሚቀጥለውን ነው። እዚህ ከተማ ጥቁር መስታወት ያየ ሰው ገና መኪናው ሳይቀርብ «የባለሥልጣን ነው» ብሎ መንገዱን ይለቃል። የትራፊክ ፖሊሱም እጁን ከማንሣቱ በፊት ያመነታል። ላስቲኩን ተፈላጊ ያደረገው ይህ ነው። ወጣቱ የሚገዛው ጥላ አይደለም፤ ያንን ማመንታት ነው የሚገዛው። ስለዚህ ሥራው ከኮድ 4 ይጀመር። የመንግሥት መኪኖች በመጀመሪያ ይለኩ፤ ላስቲክ ያለባቸው በመጀመሪያ ይገፈፉ። ለጸጥታ ሥራ የግድ የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ተሽከርካሪዎች ቢኖሩ በጽሑፍ ይፈቀድላቸው፤ የፈቀደውም ኃላፊ በፊርማው ይጠየቅበት። ከዚያ በኋላ ያ ፖሊስ ማንንም ለማስቆም እጁ አይከብደውም።

ጊዜውንም ልጠቁም። ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ከየአገሩ የመጣ ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል፤ አብዛኛው ከተማዋን የማያውቅ እንግዳ ነው። ከዚያ ቀን በፊት የአስተዳደሩ መኪኖች ተለክተው ቢጨርሱ፣ ውጤቱም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ከበዓሉ ማግሥት ጀምሮ ወደ ቀረነው መምጣት ትችላላችሁ። የእኔ የማሠልጠኛ መኪና ከእናንተ ቀጥሎ ለመለካት ዝግጁ ናት። ተማሪዎቼም በአራዳና በፒያሳ ማቋረጫዎች ላይ ቆመው ለሾፌሮች ለማስረዳት ፈቃደኞች ናቸው፤ ጠይቄአቸዋለሁ።

እናቴ ጉልበቷ ድኗል። ወደ አራዳ አሁንም ትሄዳለች። ጥቁር መስታወት ያለው መኪና ሲቆምላት ግን አታልፍም፤ ከኋላው የሚጮኸው ጡሩንባ ቢበዛም መኪናው ትቷት እስኪሄድ ድረስ ጠርዝ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። መልስዎን እንጠብቃለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በጎንደር ከተማ የመኪና መንዳት አሠልጣኝ