አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አትጠብቂ

ልጄ፣

ሰሞኑን አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገቢ "ናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) ልግባ ወይስ ሶሻል (ማኅበራዊ ሳይንስ)?" እያልሽ ስትጨነቂ እያየሁሽ ነው። ወሬውን ቤት ውስጥ በጀመርነው ቁጥር ወይ ስልክ ይጮኻል፣ ወይ እንግዳ ይመጣል፣ ወይ ወንድምሽ ይጠራሻል። ስለዚህ ልጻፍላት ብዬ ተቀመጥኩ። ቀስ ብለሽ አንብቢው። ያልተስማማሽበት ቦታ ካለ አስምሪበትና አምጪልኝ፤ እንነጋገርበታለን።

እንደምታውቂው ሥራዬ የተማሪ ዶሴ ነው። ሬጅስትራር ቢሮ የሚሠራ ሰው ብዙ ልጅ ያያል። አብዛኞቹ እኔ ጋ የሚመጡት ነገር ከረፈደ በኋላ ነው። "ዲፓርትመንት መቀየር ይቻላል?" ይላሉ። "መጀመሪያ ለምን መረጥከው?" ስለው "ጓደኞቼ ሲሞሉት ሞላሁት" የሚለኝ ብዙ ነው። አንዷ ልጅ ደግሞ "ሥራው እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ?" ብላ አለቀሰች። ሰነፍ አይደለችም፤ ውጤቷ ያምራል። የመረጠችውን ሙያ የሚሠራ ሰው ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም ነበር። አንቺን እንዲህ ስታለቅሺ ማየት አልፈልግም።

ልነግርሽ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። እርዳታ አለ። ትምህርት ቤትሽ ውስጥም አለ፣ ጎንደር ውስጥም አለ። ግን ቤታችን ድረስ መጥቶ አያንኳኳም። ሄደሽ መጠየቅ አለብሽ። ደግሞ አሁን፣ አሥረኛ ክፍል እያለሽ።

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እየተባልን ነው ሁላችንም ያደግነው። ጨዋ ልጅ ሲባል አንገቷን የደፋች ልጅ ናት የምትታየን። ጨዋነትሽን እወደዋለሁ። ያልገባሽን ነገር ይዞ መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለፈው የፊዚክስ ደብተርሽን ገለጥ ገለጥ አድርጌ አየሁት። መጀመሪያ ላይ ጽሑፍሽ ደስ ይላል። ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ ጥያቄ ጽፈሻል፣ የሠራሽውን ሰርዘሽ ደግመሽ ሠርተሻል። ቬክተር የሚለው ጋ ስደርስ የእርሳሱ ጽሑፍ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ያለው ከሰሌዳ የተገለበጠ ብቻ ነው። ያን ቀን የሆነውን መገመት አይከብደኝም። አልገባሽም፣ ልጠይቅ ብለሽ አሰብሽ፣ ክፍሉ ይስቅብኛል ብለሽ ተውሽው። ለዚህ ነው የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠው። ለሴት ተማሪዎች ለብቻ የሚዘጋጀውንም "የደካሞች ነው" እያሉ የሚሸሹት ልጆች አሉ። አትስሚያቸው። ሄደሽ "ከቬክተር ጀምሩልኝ" በያቸው።

ደግሞም ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ኮሮናው አለ፣ ከዚያ በክልላችን የመጣው ችግር አለ። ትምህርት ሲከፈትና ሲዘጋ ያለፋችሁ ልጆች ናችሁ። የጎደለ ነገር ቢኖር አይገርምም። የጎደለውን ይዞ ወደ አሥራ አንደኛ መሻገር ነው የሚያሳስበኝ፤ ምክንያቱም የሚቀጥለው ትምህርት እዚያ ላይ ነው የሚቆመው።

የጋይዳንስና ካውንስሊንግ ቢሮውን ነገር ላንሳ። ተማሪው እዚያ የሚጠራው ሲያጠፋ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ባለሙያው እዚያ የተቀመጠው እንዳንቺ ግራ የገባውን ሊያማክር ነው። የዘጠነኛንና የአሥረኛን ካርድሽን ይዘሽ ግቢ። "የትኛው ትምህርት ላይ ነው እየጨመርኩ ያለሁት? በዚህ ውጤት ናቹራል ብገባ ምን ምን ይከፈትልኛል? ሶሻልስ?" ብለሽ ጠይቂ። ጭንቀትም ካለብሽ፣ እንቅልፍም ከነሳሽ እዚያው ተናገሪ። በመንገድ ላይ የሚያስቸግርሽ ሰው ካለ ለእኔም፣ ለምታምኛት ሴት መምህርም ንገሪ። የወር አበባ ሲመጣ ከትምህርት መቅረት የለም። የሴቶች ክበብ ያለባቸው አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሞዴስና ማረፊያ ክፍል ያዘጋጃሉ። ያንቺ ትምህርት ቤት ከሌለው ክበቡን ማቋቋም ራሱ ጥሩ ሥራ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በተመለከተ ላስፈራራሽ አልፈልግም፤ እውነቱን ግን ማወቅ አለብሽ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ነው። ያኔ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ተኩል እንኳ አልሞሉም። በ2017 ወደ 8.4 ከመቶ ደርሷል። 50 ያልሞላላቸው ለሪሜዲያል (ለማካካሻ ትምህርት) የተቆረጠውን ነጥብ ካገኙ እዚያ ገብተው እንደገና ይሞክራሉ። ይህ ቁጥር ለእኔ የሚነግረኝ ልጆቹ ሰነፎች መሆናቸውን አይደለም። በመጨረሻው ዓመት ብቻ ተሯሩጦ የሚሞላ ጉድጓድ አለመሆኑን ነው። ናቹራልም ግቢ ሶሻል፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተና) ይከተሉሻል። ስለዚህ ምርጫሽ እስኪለይ ድረስ ሦስቱን ያዢ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በፒዲኤፍ በነፃ ይገኛሉ፤ ስልክሽ ላይ አውርጂያቸው።

ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ ትያለሽ። ደስ ይለኛል። ለዚያ ናቹራል ግድ ነው፤ ከሶሻል ወደ ሕክምና መግቢያ የለም። ግን "ጤና" ስትይ ነጭ ጋወንና አንገት ላይ የተንጠለጠለ ማዳመጫ ብቻ እንዳይታይሽ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ራሱ ይህን ያስተምራል። ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ ነው በ1947 የጤና ኮሌጁ እዚህ የተከፈተው። መጀመሪያ ያሠለጠነው ሐኪም አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ) ነበር ያሠለጠነው። ገጠር ወርደው የውኃ ጉድጓድ የሚያዩ፣ መጸዳጃ የሚያስቆፍሩ፣ እናቶችን የሚያዋልዱ ሰዎች ነበሩ። የሐኪም ሥልጠና የመጣው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የከተማችን ስም በጤና የገነነው በእነዚያ ሰዎች ጭምር ነው።

ዛሬም ሆስፒታል ስትገቢ ልብ ብለሽ እዪ። ደም የሚመረምረው አለ፣ መድኃኒት የሚያዘጋጀው አለ፣ ራጅ የሚያነሣው አለ፣ ሰመመን የሚሰጠው አለ፣ አዋላጇ አለች። ማሽኑ ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ አለ፤ እሱ ከሌለ ሌላው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ከእነዚህ ውስጥ ልብሽ የሚያዘነብለው የቱ ጋ ነው? ይህን ሳታውቂ ፎርም መሙላት የለብሽም።

ሌላውም ሙያ እንዲሁ ነው። የፋሲል ግንብ ሲታደስ አይተሻል። ኖራ የሚያቦካው፣ ድንጋይ የሚጠርበው፣ ልኬት የሚወስደው መሐንዲስ፣ ታሪኩን የሚያጠናው፣ እንግዳ የሚያስጎበኘው፣ ሒሳብ የሚይዘው ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚሠሩት። ግማሹ ናቹራል የተማረ ነው፣ ግማሹ ሶሻል። ኖራ የሚያቦካው ደግሞ የትም ያልተማረ ሊሆን ይችላል፤ እጁ ላይ ያለው እውቀት ግን ከሲሚንቶ ጋር ብቻ የሠራ ግንበኛ የሌለው እውቀት ነው።

አሁን ብዙ ወላጅ የማይወደውን ላንሳ። ፖሊ ቴክኒክ። ሰፈራችን ውስጥ "ውጤት ያልመጣለት የሚሄድበት" ነው የሚሉት። ባለፈው ዓመት የቤታችንን የመብራት መስመር የቀየረችልንን ልጅ አስታውሻት። ከመንካቷ በፊት ብሬከሩን አወረደች፤ ከዚያም አላመነችውም፣ በቴስተር ደግማ አረጋገጠች። ኮርኒሱ ውስጥ ገብታ የጠቆረውንና ፕላስቲኩ የቀለጠውን ሽቦ አወጣችና አንቺን ጠርታ አሳየችሽ። "ምድጃውና ፍሪጁ በአንድ መስመር ናቸው፤ ሽቦው አልቻለውም" አለችሽ። ያኔ የጠየቅሻትን ጥያቄ ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው! ያንን ሁሉ ጥያቄ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ጠይቀሽ አታውቂም።

እሷ የተማረችው በደረጃ ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከደረጃ 1 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይሄዳል። ክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም፤ የትብብር ሥልጠና ስለሚባል ጊዜያቸውን ከፊሉን ድርጅት ውስጥ ይሠራሉ። መጨረሻ ላይ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ይፈተናሉ። እዚያ ፈተና ላይ ሠርተሽ ማሳየት አለብሽ፤ ሸምድደሽ አታልፊም። ከዚያ ሥራ ይዘው ቆይተው ዲግሪ የቀጠሉ አሉ። እኔ እዚያ ግቢ እያልኩሽ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የሚገባውም በ2015 የመጣው የመውጫ ፈተና አለበት፤ አራት ዓመት ተቀምጦ 50 ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ሁለቱም መንገድ ልፋት አለው። ስለዚህ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርገሽ አትጀምሪ። ጎንደር ፖሊ ቴክኒክ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ አንድ ቀን ወርክሾፖቹን አብረን ሄደን እንይ።

ኮምፒውተር ከሳበሽ ደግሞ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አለ። መንግሥት በሐምሌ 2016 የጀመረው ነው፣ በነፃ ነው፣ ስትጨርሺ ሰርተፍኬት ይሰጣል። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራና ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለበት። ኔት ደህና በሆነ ቀን ግቢና የመጀመሪያውን ትምህርት ሞክሪው። ካልጣመሽ ተዪው፤ አለመውደድሽን ማወቅም አንድ ነገር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ማዕከልም አለው። ተማሪ እንዴት እንደሚመለመል የሳይንስ መምህርሽን ጠይቂ። ያቺ ማየት የምትቸገረው ጓደኛሽንም አትርሻት። ዩኒቨርሲቲው ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ትኩረት የሰጠ የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ሲያካሂድ ቆይቷል። እናቷን ይዤ ሄጄ እጠይቅላታለሁ፤ ንገሪያት።

እኔ በሥራዬ በጣም የምበሳጭበትን ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ስም ነው። የስምንተኛ ክፍል ካርድ ላይ የአባት ስም በእንግሊዝኛ በሁለት ኤስ ተጽፏል፣ ትራንስክሪፕት ላይ በአንድ። ልደት ሰርተፍኬት ላይ የአያት ስም አለ፣ ፋይዳ መታወቂያ ላይ ሌላ ነው። የትውልድ ቀኑ አንዱ ላይ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው ላይ በፈረንጅ ተጽፎ ሰባት ስምንት ዓመት ያለያያል። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ዕድል አግኝቷል፣ ቀኑ ሊያልፍ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ እሱ ግን ከቀበሌ ቀበሌ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ይመላለሳል። አንዳንዱ ሳይደርስ ይቀራል። በአንዲት ፊደል! ያንቺን ወረቀቶች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ፊደል በፊደል እናስተያያለን። የተሳሳተ ካለ አሁን ሁለት ዓመት አለን።

ሌላው ቴሌግራም ነው። "ፈተናው ወጥቷል፣ ብር ላክ" የሚል ቻናል ስታይ ውጪ። "ካናዳ ስኮላርሺፕ አለ፣ ለፕሮሰስ ይህን ያህል ክፈይ" የሚልሽም ካለ ሳትመልሺለት ለእኔ አሳዪኝ። ቅድሚያ ብር የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው አልልም፤ ሳላየው ግን አንድ ብር አትላኪ።

የገንዘቡ ነገር ያንቺ ጭንቀት አይሁን። ከወንድምሽ ጋር ስታወሩ "እናቴ ላይ ጫና እሆናለሁ" ስትዪ ሰምቼሻለሁ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት የሚባል አሠራር አለው። ስትማሪ ውል ትፈርሚያለሽ፣ ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ከደመወዝሽ ቀስ በቀስ ትከፍያለሽ። በዚህ ምክንያት የምትፈልጊውን ትተሽ "የሚቀለውን" እንዳትመርጪ።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቶቹን እናያለን። የልደት ሰርተፍኬትሽ ቁም ሳጥኑ ላይኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የስምንተኛ ካርድሽን አንቺ ፈልጊ። ካውንስለሯ ጋ ሰኞ ብቻሽን ግቢ። ከፈራሽ በር ድረስ እሸኝሻለሁ፤ ውስጥ ግን የምታወሪው አንቺ ነሽ። የአክስትሽ ጓደኛ አዋላጅ ነርስ መሆኗን ታውቂያለሽ። አነጋግሬያታለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከሥራ ስትወጣ ቡና እየጠጣችሁ ታወራሻለች። ጥያቄዎችሽን ጽፈሽ ሂጂ። የሌሊት ተራ እንዴት እንደሆነ፣ ምን እንደሚያደክማት፣ እንደገና ብትጀምር ይህንኑ ትመርጥ እንደሆነ ጠይቂያት። ደመወዙንም ጠይቂያት፤ አይከፋትም።

እወድሻለሁ የኔ ዓለም።

እናትሽ
ጎንደር