ወገብ ለሚያመው ቀበቶ ብቻ አትስጡት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ወገቡን የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ ኤምአርአይ (የሰውነት ውስጥ ምስል) ተነስቶ «ዲስክህ ተንሸራቷል»፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶችህ መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል ከቦታው ወጥቷል፣ ይባልና ኪኒንና የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ጎንበስ ማለት ራሱ ያስፈራዋል፤ ጄሪካን አያነሳም፣ ልጁን አያቅፍም። ፍርሃቱ ደግሞ ሕመሙን ያባብሰዋል። የዲስክ መንሸራተት እኮ ምንም በማያማቸው ሰዎች ምስል ላይም ይታያል! ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም ሁልጊዜ የጉዳት ምልክት አይደለም፤ ነርቮችና አንጎል ከልክ በላይ ንቁ ሆነው ትንሿን እንቅስቃሴ እንደ አደጋ ሊቆጥሯት ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ትምህርትንም እንቅስቃሴንም ይመክራል፤ ቀበቶን ግን በዘወትር ሕክምና አይመክርም። ስለዚህ ባለሙያዎቻችን «ስፖርት ሥሩ» ብለው ብቻ አይሸኙን። መጀመሪያ ለምን እንደሚያመን ቁጭ ብለው ያስረዱን፣ ከዚያ ከወንበር መነሳትና መቀመጥን በመሰለ ቀላል ነገር አስጀምረው ቀስ በቀስ ይጨምሩልን።

አንድ አንባቢ