የቅዳሜው ጉዞ ወደ ሆክስሄድ አሮጌ ትምህርት ቤት

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሌክ ዲስትሪክት በሚባለው የሐይቆች አካባቢ የሚገኘውን የሆክስሄድ ግራመር ስኩል እንጎበኛለን። የምንነሣው ከማንቸስተር ፒካዲሊ ባቡር ጣቢያ በር ላይ፣ በእንግሊዝ ሰዓት ከጠዋቱ 8:00 (በእኛ 2:00) ነው። ባለፈው ሰዓት ተምታቶብን ስለነበር ደግማችሁ እዩት።

ትምህርት ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1585 ያቋቋሙት የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ኤድዊን ሳንዲስ ናቸው። በ1909 ተዘጋ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። «ግራመር» የተባለው የላቲን ሰዋስው ነው፤ ላቲንና ግሪክ የትምህርቱ ዋና ነበሩ። ገጣሚው ዊልያም ዎርድስዎርዝ ከ1779 እስከ 1787 እዚህ ተምሯል። ተማሪዎች በስለት ስማቸውን የቀረጹባቸው ዴስኮች እስካሁን አሉ፤ የእሱም ስም አለበት። እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝ ይኸው ነው፣ እባካችሁ በችኮላ አትለፉት።

በመኪና የምትመጡ፣ የመንደሩ መሃል ለመኪና ዝግ ስለሆነ ዳር ባለው ማቆሚያ አቁሙ። በባቡር ከሆነ እስከ ዊንደርሚር፣ ከዚያ 505 አውቶቡስ፤ ቶሎ ቶሎ ስለማይመላለስ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድማችሁ ያዙ። የዝናብ ልብስ፣ ምሳና የመግቢያ ገንዘብ አትርሱ። የመጻሕፍቱ ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃ የሚከብደው ካለ ቀድሞ ይንገረን።

ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡና በመኪናችሁ ስንት ትርፍ ቦታ እንዳለ እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ ጻፉልን።