የስቴቱ ፐርሰንት ብቻውን አይበቃም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

አሜሪካ ውስጥ በቀጥታ ሽያጭ ስለተሰማሩ ወገኖቻችን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። መዋቢያ፣ የቤት ዕቃ፣ ቫይታሚን ይዘው ለዘመድ ለወዳጅ የሚሸጡ ሰዎች ሞልተዋል፤ በቋንቋቸው የሚያስረዳቸው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም የየስቴቱን የሽያጭ ታክስ በሰንጠረዥ ደርድራችሁ ይኼን አስከፍሉ ማለታችሁ ሰው ያሳስታል።

የስቴቱ ፐርሰንት መነሻ ብቻ ነው። ቴክሳስን ብንወስድ የስቴቱ 6.25 በመቶ ነው፤ ከተማውም ካውንቲውም (አውራጃ በሉት) ሌላውም ተደማምረው እስከ 2 በመቶ ሊጨምሩበት ስለሚችሉ ብዙ ቦታ 8.25 ይገባል። ካሊፎርኒያ ከ7.25 ተነስቶ አንዳንድ ከተማ ላይ ከ10 ያልፋል። ኦሪገንና ደላዌር ደግሞ ጭራሽ የላቸውም።

የማን አድራሻ ይታይ? በአብዛኛው ስቴት ዕቃው የሚደርስበት የገዢው አድራሻ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ግን የሻጩ። ዚፕ ኮድ (የፖስታ ቁጥሩ) ብቻውን አይታመንም፤ አንዱ ዚፕ ኮድ ሁለት ከተማ ሊነካ ይችላል። የስቴቱ የታክስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ሙሉ አድራሻውን አስገብቶ ማየት ይሻላል።

ጽሑፋችሁ ጭራሽ የዘለለው ግን የኩባንያውን ድርሻ ነው። ብዙ የቀጥታ ሽያጭ ኩባንያዎች ከስቴቶች ጋር ተስማምተው፣ ሻጯ ዕቃ ስታዝ ገና ታክሱን ራሳቸው ይሰበስባሉ፤ የሚያሰሉትም እሷ በገዛችበት ዋጋ ሳይሆን በካታሎጉ ዋጋ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ያንኑ ታክስ ለስቴቱ ደግሞ ይከፍላል። ቅናሽ ሲኖርም አስቡት። ካታሎጉ ላይ 50 ዶላር የሆነውን ክሬም በ40 ሸጠችው እንበል። በ8.25 ሂሳብ ኩባንያው 4 ዶላር ከ13 ሳንቲም ወስዷል፤ ደንበኛዋ ግን በከፈለችው በ40ው ላይ 3 ዶላር ከ30 ብቻ ነው የምትጠየቀው። ልዩነቱ ከማን ኪስ ወጣ? ከሻጯ። ብዙ ቅናሽ የምታደርግ ሻጭ ትርፏ የት እንደገባ ግራ የሚገባት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው፤ ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳትም። ስለዚህ ከኩባንያው ጋር ከመፈረሟ በፊት ታክሱን ማን እንደሚሰበስብና በየትኛው ዋጋ ላይ እንደሚያሰላ በጽሑፍ ትጠይቅ።

ኩባንያው የማይሰበስብ ከሆነ የሽያጭ ፈቃዱን ማውጣትም ታክሱን ማሳወቅም የእሷ ሥራ ነው፤ ምንም ባልሸጠችበት ወቅት እንኳ ብዙ ስቴት የዜሮ ሪፖርት ይፈልጋል። ከደንበኛ የተቀበለችው ታክስ የስቴቱ ገንዘብ ነው፤ የቤት ኪራይ ሲጎድል አይነካም። ቅጣቱም ወለዱም ከባድ ነው።

ወደ ሌላ ስቴት ዕቃ የሚልኩትን ሻጮች የዚያም ስቴት ታክስ ይጠየቃሉ ብላችሁ ማስፈራራታችሁም ልክ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ስቴቶች እዚያ ቢሮ የሌለውንም ሻጭ ማስከፈል ይችላሉ፤ ግን ብዙዎቹ ለዚህ ያስቀመጡት መነሻ በዓመት 100,000 ዶላር አካባቢ የሆነ ሽያጭ ነው። ትንሹ ሻጭ እዚያ አይደርስም።

ሰንጠረዡን አንሱትና በምትኩ የየስቴቱን የታክስ ተመን መፈለጊያ ገጽ አስቀምጡ። ተመኑ በየሩብ ዓመቱ ሊቀየር ስለሚችል ያወጣችሁት ቁጥር ቶሎ ያረጃል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ