ጠመንጃውን እንዳትሸጠው

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝም ማለቴን ይቅር በለኝ። ምክንያት ልደርድር ብል ለራሴም አይጥመኝም። ኔትወርኩም ሲመጣ ሲሄድ እንደሚውል ታውቃለህ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለአስቸኳይ ጉዳይ ነው።

ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ እህትህን አገኘኋት። «ወንድሜ ጠመንጃ ገዝቶ አልመታ ብሎት ሊሸጠው ነው» አለችኝ። ጠመንጃ ስትል ደነገጥኩ፤ ሊሸጠው ነው ስትል ደግሞ ይበልጥ ደነገጥኩ። ቴሌግራም ከፍታ ፎቶህን አሳየችኝ። ስልኳን ተቀብዬ እያጎላሁ ሳይ ሽንኩርት ሻጯ እስክትቆጣን ድረስ መንገድ ዘጋን። ቫይራውህ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የአየር ጠመንጃ ነው! ባለ ሞላ፣ በባሩድ ሳይሆን ሞላው በሚያምቀው አየር የሚተኩስ፣ አፈሙዙ ታጥፎ የሚቀባበል። አንተ ሰውዬ፣ ምን እንደያዝክ ታውቃለህ? ይህ ፋብሪካ በፈረንጆቹ ከ1899 ጀምሮ ያለ ነው። የእኛን የአየር ጠመንጃ፣ ዲያናን፣ የሠራው ፋብሪካ የተቋቋመው በ1890 ነው፤ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ዲያናዋ ላይ የተቀረጸችው ሴት ትዝ ትልሃለች? ጠመንጃውን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ቀስቷን የምትጥለው?

እውነቱን ልንገርህ፣ ቀናሁ። እኔ ዲያናዋን ከነካሁ ቆየሁ። ጊዜው ብረት የሚነካበት አይደለም። እዚህ ልጅ የእንጨት ጠመንጃ ይዞ ሲሮጥ እንኳ እናቱ ትቀማዋለች። እና አንተ እዚያ ጀርመን፣ በሰላም አገር፣ እንደዚህ ያለ መሣሪያ ይዘህ «አልመታ አለኝ» ስትል እንዴት ዝም ልበል?

አሁን ፎቶህን ላንብብልህ። ሰደፉን ትከሻህ ውስጥ ቀብረኸዋል። የግራ እጅህ ጣቶች እንጨቱን ጨምድደው አንጓቸው ነጭ ሆኗል። ጠመንጃው ደግሞ በረንዳው ብረት ላይ ተጋድሟል። ይህ የምንሽር አያያዝ ነው። አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ለምንሽር ያስተማሩን ልክ ነው። ባለ ሞላ ግን ሌላ ፍጥረት ነው።

ቃታውን ስትስብ መጀመሪያ ሞላው ይለቀቅና አየሩን የሚያምቀውን ብረት፣ ፒስተኑን፣ ወደ ፊት ይወረውራል። ያኔ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል። ፒስተኑ መጨረሻ ላይ የታመቀውን አየር ሲያገኝ ደግሞ ጠመንጃው ወደ ፊት ይመለሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥይቱ ገና ከአፈሙዙ አልወጣም! ስለዚህ መሣሪያው መንቀጥቀጡ አይቀርም። አንተ ማድረግ የምትችለው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መንቀጥቀጥ እንዲንቀጠቀጥ መተው ብቻ ነው። ጨምድደህ ስትይዘው አንዴ ይጠብቃል፣ አንዴ ይላላል፤ ጥይቱም እንደዚያው ይበተናል። ብረት ወይም ድንጋይ ላይ ስታስደግፈው ደግሞ ነጥሮ ይስታል።

እና መዳፍህን ክፈት። እንጨቱ ላዩ ላይ ይረፍ እንጂ ጣቶችህ አይጨብጡት። ማሳረፊያ ካስፈለገህ የእጅህን ጀርባ ትራስ ላይ አድርግ፤ ጠመንጃውን ራሱን አታስደግፈው። ሰደፉ ትከሻህን ነካ ይበል፣ በቃ። ጉንጭህም አይጫነው። ከእናቷ ሥር ያነሳሃትን ጫጩት እንደያዝክ ቁጠረው። ከተኮስክ በኋላ ጥይቱ ወረቀቱን ሲመታ እስክትሰማ አትነቃነቅ። አንተ ድሮም ሳትወረውር ነው ቀና ብለህ የምታየው፤ ዝንጀሮዎቹ ሁሉ ያውቁህ ነበር።

«አዲስ ሆኖ ይጨሳል፣ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል» ብለሃታል አሉ። አትደንግጥ። ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ነው፤ ፒስተኑ አየሩን ሲያምቀው ሙቀቱ ያቃጥለዋል። ጥቂት መቶ ጥይት ሲተኮስ ይጠራል፣ ኃይሉም ይረጋል። እስከዚያ አትፍረድበት። ዘይት ግን እንዳትጨምርበት አደራ። ካቻቪቴ ይዘህ የእንጨቱን ብሎኖች አልፎ አልፎ ፈትሻቸው፤ በዚያ መንቀጥቀጥ መላላታቸው የታወቀ ነው። ብሎን ላልቶ ስንቱ ሰው ዓይኔ ደከመ ብሎ አማሯል።

ጠመንጃው ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር ለመግጠም አትቸኩል። ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚመታውን ግፊት ችለው የማይቆዩ መነጽሮች አሉ፤ ለባለ ሞላ የተሠራ መሆኑን ሳታረጋግጥ አትግዛ። ለጊዜው ከጠመንጃው ጋር የመጣው ማነጣጠሪያ ይበቃሃል። በ10 ሜትር ጀምር። ጥይት ላይ ግን አትሰስት። 4.5 ሚሊሜትር የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ አፈሙዝ የወደደውን ሌላው ይጠላዋል። የተለያየ ዓይነት ትንንሽ ቆርቆሮ ግዛ። ከየዓይነቱ አምስት አምስት ተኩስና ቀዳዳዎቹ የተቀራረቡበትን ያዝ። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነው ወረቀትን ጥርት አድርጎ ይበሳል። እርሳስ ስለሆነ ከነካኸው በኋላ እጅህን ሳትታጠብ ምግብ እንዳትነካ።

ስታቀባብል አፈሙዙን በአንድ እጅህ አጥብቀህ ያዝ፤ ጥይት አጉርሰህ እስክትዘጋው አትልቀቀው። ድንገት ቢፈናጠር ጣት ይሰብራል። ባዶውንም አትተኩስ። የሚገታው አየር ስለሌለ ፒስተኑ ከብረት ጋር ይላተማል።

ብረቱ ላይ በአምስት ማዕዘን ውስጥ የተቀረጸ «ኤፍ» አይቻለሁ። የጥይቱ ጉልበት ከ7.5 ጁል አይበልጥም ማለት ነው። እዚያ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ያለ ፈቃድ የሚሸጥለትም ለዚህ ነው። ቢሆንም አትናቀው። ግማሽ ግራም እርሳስ በሰከንድ 170 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል፤ የሰው ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ የበረንዳውን ነገር ተው፣ እባክህ። ጥይቱ ከግቢህ እንዳይወጣ ሕጉም ያስገድድሃል።

ይልቅስ ወደ ተኩስ ክበብ ሂድ። ጀርመኖቹ በትንሹ መንደር ሳይቀር አላቸው። ይህን የምለው... እህትህ ሌላም ነገር ነግራኛለች። ከሥራ መልስ በር ዘግተህ እንደምትቀመጥ፣ እሑድም እንደማትወጣ። እንዴት እንደማነሳብህ አላውቅም፤ ከፍቶህ ከሆነም ስልኩን አንሥተህ ንገረኝ እንጂ። ግን እንደዚያ ያለ ጠመንጃ በማኅደሩ ቆልፈህ ክበቡ ስትገባ፣ አንድ ሽማግሌ መጥቶ «እስኪ ልየው» ማለቱ አይቀርም። ቋንቋው ቢቸግርህም ስለ ሞላና ስለ ቃታ ማውራት አያቅትህም። አያያዙንም ከእኔ ደብዳቤ ይልቅ እሱ ቆሞ ያሳይሃል።

እናትህ ደህና ናቸው። ጤፉ ዘንድሮ ሸጋ ነው። የቀረውን ወሬ በሌላ ጊዜ።

መዳፍህን ከፍተህ የተኮስክበትን ወረቀት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ምርጡን አትምረጥ፣ የመጀመሪያውን ላክ። ወደየት እንደበዛ አይቼ ማነጣጠሪያውን ስንት ክር እንደምታዞረው እንነጋገራለን። እስከዚያ ሸጥኩት እንዳትለኝ።

ወንድምህ
ከደብረ ማርቆስ